ገራ ኮ

ዶክተር ሞረዳ በአንዲት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ላይ ቅናት የያዘው በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሆድ ምክንያት ነው።

ነጋዴው ሱሀይብ ይባላል። ከጉራጌ መጥቶ ነቀምቴ ገበያ ዳር ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሚያዝያ ላይ ከእምብርቱ በታች ግራ ጎኑን ወግቶት፣ ትኩሳት አንቀጥቅጦት ሆስፒታል ገባ፤ በስድስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። በሳምንቱ ሞረዳን ባንክ ደጃፍ ሲያገኘው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሸሚዙን እስከ ደረቱ ገለበ።

«ዶክተር፣ ይዩልኝ እስቲ! አንዲት ስፌት ካገኙ ሱቄን ይውሰዱ!»

«ተሽሎሃል ማለት ነው» አለ ሞረዳ።

«ድኛለሁ እንጂ! ዶክተር ፌኔት በግሉኮስና በመርፌ ብቻ! የአንጀትህ ኪስ ነው የታመመው አለችኝ። እኔም፣ የነጋዴ ሕመም ድሮስ ከኪሱ የት ይሄዳል አልኳት። እርስዎ እጅ ገብቼ ቢሆን ግን ይሄኔ እንደ ፍራሽ ተሰፍቼ ነበር!»

መንገደኛው ሳቀ። ሞረዳም ሳቀ፤ የሳቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አንጀት ሲቀጥል የኖረ ሐኪም የራሱ አንጀት እርር ሲል እየተሰማው ወደ መኪናው ገባ።

የሞረዳን ውለታ መካድ ነውር ነው። የወለጋ መንገዶች በተዘጉበት፣ ከጊዳ አያና ቁስለኛ በጭነት መኪና በሚመጣበት ዘመን ሞረዳ ቤቱን ረስቶ ሆስፒታሉ ውስጥ ከርሟል። ጀርባው የጎበጠው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማንም ገበያ መሀል ሸሚዙን ገልቦ አላመሰገነውም። አሁን ፌኔት መጣች፤ አንድ ዓመት ሳይሞላት ከተማው ስሟን ይጠራ ጀመር። አባቷ የወለጋ ሰው ይሁኑ እንጂ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። በሽተኛው በስሟ ተማምኖ በኦሮምኛ ሲያወርድባት ፈገግ ብላ ነርሷን ታያለች፤ ነርሷ ታስተረጉምላታለች፤ በሽተኛውም «አይዞሽ ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ» ይላታል። ሞረዳን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይህ ይቅርታ ነው። እሱ በሁለቱም ቋንቋ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎ «አይዞህ» ያለው የለም።

ቅናት ሐኪም ቤት ሲገባ ነጭ ገዋን ይለብሳል። «የሙያ ጥንቃቄ» ይባላል፤ «የበሽተኛው ደኅንነት» ይባላል። በየስብሰባው እጁን አውጥቶ ይናገራል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝለታል። ሞረዳም እንደዚያው አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቁ አንጀት ግድግዳ በዕድሜ ብዛት ይሳሳና እንደ ኪስ ያሉ ትናንሽ ከረጢቶች ወደ ውጭ ይነፋሉ። አንዷ ስትቆስል ዳይቨርቲኩላይቲስ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ግራ ጎንን ነው። ሞረዳ በተማረበት ዘመን ሲቲ ስካን የሚባል ነገር በአካባቢው ስላልነበረ፣ የተጠራጠሩትን ሆድ ከፍቶ ማየት ነበር መፍትሔው። ፌኔት ግን በሲቲው አይታ ካልፈነዳ በስተቀር ቢላ አታነሳም። አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ ግሉኮስ፣ ለጥቂት ቀናት ከውሃና ከቀጭን ሾርባ በቀር ምግብ የለም። በቀን ሁለት ጊዜ ራሷ ሆዱን ትዳስሳለች። ለነርሶቹ የሰጠችው ትእዛዝም አንድ ነው፤ «ሕመሙ ከግራ ጎን ወጥቶ ሆዱን በሙሉ ከያዘ ፈንድቷል ማለት ነው፤ በምንም ሥራ ላይ ብሆን ደውሉልኝ።»

«አንድ ቀን አንዱ ይፈነዳባታል» አለ ሞረዳ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ።

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረው ስጋት አይደለም። ተስፋ ነበር።

ሰኔ ላይ ኦቦ ጆቴ ከኡኬ መጡ። ጆቴ ሞረዳን አንደኛ ደረጃ አማርኛ ያስተማሩት መምህር ናቸው። ያኔ ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚያወራው ሞረዳ በቃል ጽሕፈት ላይ «ግራ እጅ» መጻፍ ሲገባው «ገራ እጅ» ብሎ ጻፈ። ገራ በኦሮምኛ ሆድ ነው። ጆቴ ደብተሩን ወደ ላይ ይዘው ክፍሉን ሁሉ አሳቁበት፤ «ሆድህ እጅ አበቀለ እንዴ?» ከዚያ በኋላ ግን በየማታው ከትምህርት በኋላ አስቀርተው፣ ሁለቱን ቋንቋ ሳይቀላቅል እስኪለይ ድረስ አስጠኑት። ዶክተር ሲሆን ኡኬ ላይ በግ አርደው ያከበሩትም እሳቸው ናቸው። «ኢልማ ኮ» ነው የሚሉት፤ ልጄ።

ሞረዳ መምጣታቸውን እንደሰማ እየሮጠ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ሽማግሌው በግራ ጎናቸው ተኮማትረው ተኝተዋል።

«ባርሲሳ! ለምን አልደወሉልኝም?» መምህር ማለቱ ነው።

«ኢልማ ኮ፣ መጣህ?» እጁን ያዙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተን ማስቸገር አልፈለግሁም። ያቺን ልጅ ጥራልኝ፤ ያለ ቢላ የምታክመውን።»

ሞረዳ ሄዶ ጠራት። አካሄዱ ግን የሬሳ ሣጥን የተሸከመ ሰው አካሄድ ነበር።

ነርስ ኢቢሴ እያስተረጎመች ፌኔት የት እንደሚያማቸው ጠየቀች። ጆቴ ሲያማቸው ከኦሮምኛ ሌላ አይመጣላቸውም። «ቢታ» አሉ፤ ግራ ማለት ነው። ሲቲው ተነሣ። ኪሷ ቆስላ አጠገቧ ትንሽ መግል ቋጥራለች፤ ግን አልፈነዳችም። መድኃኒቱ ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጋብ ብሎ ሽማግሌው መቀለድ ጀመሩ። ሞረዳ ይህን ከበሩ ላይ ቆሞ አየ። መምህሩ ስለተሻላቸው ደስ አለው፤ የተሻላቸው በሷ እጅ ስለሆነ ደግሞ ገብቶ ሳይጠይቃቸው ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞረዳ ነርሶቹ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ካርድ ይጽፋል። ኢቢሴ ከጆቴ አልጋ በፍጥነት መጣች። ጓንቷን ሳታወልቅ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ በጣቷ ጫፍ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፌኔት ኦፕራሲዮን ላይ ናት፤ ባጃጅ ገጭቶት ጣፊያው የተቀደደ ሰው ከፍታለች። እዚያ ያለች ነርስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ደም የሚመጠው ማሽን ሲያጓራ ይሰማል።

«ዶክተር፣ ኦቦ ጆቴ ሕመሙ ብሶባቸዋል።»

«የት ጋ ነው የሚሉት?»

«ገራ ኮ ይላሉ።»

ማሽኑ አጓራ።

«ግራማ ድሮም ነው። ማስታገሻ ስጫቸው፤ መድኃኒቱ ይቀጥል። እዚህ እንደጨረስኩ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

የሞረዳ ብዕር ካርዱ ላይ ቆመ። ኢቢሴ የሽማግሌውን ቃል እንዳለ አቀብላለች፤ ገራ ኮ፣ ሆዴን። በዚህ ከተማ ቋንቋ ቀላቅሎ መናገር እንደ መተንፈስ ስለሆነ የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሆነም አላስተዋለችም። ፌኔት ደግሞ የሰማችው በአማርኛ ነው፤ «ግራ'ኮ ይላሉ» ብላ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቃል ሰምተው፣ ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ስልኩን ዘጉ። ጆቴ ግራቸውን ለማለት ፈልገው ቢሆን ቢታ ባሉ ነበር። አሁን ያሉት ሆዴን ነው። ሕመሙ ከግራ ወጥቷል፤ ኪሷ ፈንድታለች። ይህን በመላው ሆስፒታል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአርባ አምስት ዓመት በፊት በዚሁ ቃል የተሳቀበት ሰው።

ኢቢሴ ዞር ብላ አየችው። «ምን ይላሉ፣ ዶክተር? ቢያዩአቸው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል እንኳ አይደለም፤ ገ ነው ያልሽው፣ ግ ነው የሰማችው ማለት ብቻ።

«በሽተኛው የሷ ነው» አለ ሞረዳ። «ያለችሽን አድርጊ።»

ካርዱን ከድኖ ወደ ተመላላሽ ክፍል ሄደ። በኮሪደሩ ሲያልፍ ለራሱ ብዙ ነገር ነገረው፦ የሌላ ሐኪም በሽተኛ ላይ ጣልቃ መግባት ደንብ አይፈቅድም፤ ምናልባት አጋኖት ይሆናል፤ ደግሞስ እሷ ራሷ ትመጣ የለ? ውሸታም! ደንቡን ከመቼ ወዲህ አክብሮት ያውቃል? በስንቱ በሽተኛ ላይ ገብቶ፣ ስንቱን ወጣት ሐኪም በነርስ ፊት አዋርዷል! የፈለገው አንድ ነገር ነው። ኦፕራሲዮኗን ጨርሳ መጥታ ሽማግሌውን ስታያቸው ፊቷ እንዲለወጥ ነው የፈለገው። ያ የፊቷ መለወጥ ታየው፤ ጣመውም። ሆዳቸው የፈነዳው ሽማግሌ ግን በዚያ ምስል ውስጥ አልነበሩም፤ ቅናት ሥዕል ሲሥል ለበሽተኛው ቦታ አይተውም።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ ከጨለለቂ የመጣች ሴት ናት። «ምንሽን ነው?» አላት።

«ገራ ኮ» አለች።

ዳሰሳት። ሆዷ ለስላሳ ነው፤ የጨጓራ ነገር ነው። መድኃኒት ጻፈላት። ሁለተኛው ገበሬ ነው። «ገራ ኮ።» ለስላሳ ነው። ሦስተኛው በርጩማ ላይ ሳይቀመጥ ሆዱን ይዞ፣ «ገራ ኮ!» ሞረዳ በሕይወቱ ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቷል፤ እንዲህ ግን በስሙ እንደተጠራ ሆኖ አስደንግጦት አያውቅም። ሰዓቱን አየ። አራት ተኩል። ሌላ በሽተኛ ጠራ። አምስት ሰዓት። ሌላ። አምስት ተኩል ሲሆን አንዲት አሮጊት ገቡ።

«ገራ ኮ» አሉ። ከዚያ ፊቱን አይተው ያልገባው መስሏቸው፣ በተሰባበረ አማርኛ ጨመሩበት፤ «ሆዴን፣ ልጄ። ሆዴን ነው።»

የማያውቁት ሐኪም ተሳስቶ እንዳይሰማቸው ቃላቸውን ሁለቴ የተናገሩት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። እሱ ዶክተሩ አንድ ጊዜ መናገር አቅቶታል። ሞረዳ ተነሣ፤ ወንበሩ ወደቀ። «ይቅርታ እናቴ፣ ሌላ ሐኪም ያይዎታል» ብሎ ሮጠ።

የጆቴ ሆድ እንደ ጣውላ ደርቋል። ገና እጁን ሲያሳርፍ ሽማግሌው ጮኹ። ፊታቸው አመድ ለብሷል፤ የልብ ምታቸው ለመቁጠር ያስቸግራል።

«ኢልማ ኮ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ባርሲሳ።»

«ኦፕራሲዮን ክፍል!» ብሎ በኢቢሴ ላይ ጮኸ። «አሁን! ማደንዘዣ ሰጪውን ጥሪ!»

«ዶክተር ፌኔት እኮ…»

«አሁን አልኩሽ!»

አልጋውን ራሱ ገፋ። እየገፋ እንኳ፣ ይገርማል፣ ያ ቅናት አልተኛም። አሁን ደግሞ ሌላ ሥዕል አመጣለት፦ እሷ ያበላሸችውን እሱ ደርሶ ሲያድን። ዝምታው የት ገባ? ዝምታውን የሚያውቅ የለም።

ክንዱን እስከ ክርኑ አረፋ አልብሶ ሲታጠብ ፌኔት ከሌላኛው ክፍል ወጣች። ጓንቷን አውልቃ ወረወረች።

«ማን ነው የገባው?»

«ባርሲሳ። ፈንድቷል። ሆዳቸው ደርቋል።»

ፊቷ ተለወጠ። ልክ እንደታየው ነው የተለወጠው፤ ጣዕም ግን አልነበረውም። «ግራ ነው እኮ ያሉኝ! ግራ እንደሆነ ነው ኢቢሴ የነገረችኝ!»

ሞረዳ መታረም ያለበትን ስሕተት ሲሰማ ማለፍ አይችልም። «ግራ አይደለም ያለችሽ» አላት። «ገራ ነው ያለችሽ። ገራ ኮ። ሆዴን ማለት ነው። ቋንቋውን ብታውቂ…»

ፌኔት ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ በቀስታ፣ «ያለችኝን እርስዎ እንዴት አወቁ?»

ውሃው ይፈሳል።

«እዚያ ነበርኩ» አለ።

«ስትደውልልኝ?»

«አዎ።»

ፌኔት ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አምስት ከአርባ አምስት ይላል። የተደወለው አራት ሰዓት ላይ ነው። አልጮኸችም። ብትጮህለት ምንኛ በወደደ! አዲስ ጭምብል አድርጋ ከጎኑ ቆማ መታጠብ ጀመረች።

«ይሄን ኦፕራሲዮን ከእኔ የበለጠ ሠርተውታል» አለች ዓይኗን ከእጇ ሳታነሳ። «እርስዎ ይክፈቱ። እኔ እረዳለሁ።»

ሞረዳ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ቀዳዳዋ የስንዴ ፍሬ አታክልም፤ ያፈሰሰችው ግን ሆዱን ሞልቶታል። የታመመውን አንጀት ቆርጦ አወጣ፤ የላይኛውን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ ሰፋ፤ ሆዱን በሙቅ ውሃ አጠበ፣ ደግሞ አጠበ። ፌኔት የቁስሉን ከንፈር ይዛ፣ ከመጠየቁ በፊት የሚያስፈልገውን እያቀበለች፣ አንዲት ትርፍ ቃል አልተናገረችም።

ጆቴ ሁለት ቀን ከሞት ጋር ተናነቁ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። በሳምንቱ ከኡኬ ዘመድ ጎረቤቱ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ፤ ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው የሚያወሩት ወሬ አንድ ብቻ ነው።

«ሞረዳ ነው ያዳነኝ! ኢልማ ኮ! ሥራውን ጥሎ ሮጦ መጣ! እኔ ግን ያቺን ልጅ ጥሩልኝ ብዬ አስቀይሜው ነበር።» ከዚያ በጎናቸው የተለጠፈውን የሰገራ መቀበያ ከረጢት መታ መታ እያደረጉ፣ «አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር በከረጢት ተሸከምኩ፤ አሁን ደግሞ የራሴን። ከጥቂት ወራት በኋላ መልሰው ይዘጉታል አሉ።»

የኡኬ ሰዎች የሞረዳን እጅ ሳሙ። ሱሀይብ እንኳ ጠያቂ ሆኖ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ያንን የፍራሽ ነገር ትቼዋለሁ፤ አፉ ይበሉኝ» አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የናፈቀው ምስጋና በጆንያ መጣለት፤ እያንዳንዱ ቃል ግን እንደ ኮሶ መረረው። ምናልባት በአራት ሰዓትም ቢሆን ኦፕራሲዮኑ አይቀርም ነበር። ምናልባት ያ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው ሁለት ቀን ከሞት ጋር ያታገላቸው። ይህን ማወቅ አይቻልም፤ አለማወቁም በየማለዳው አብሮት ይነሳል።

ፌኔት ለማንም አልተናገረችም። በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ስልክ ላይ ቃል ተሳስቼ ሰማሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። በቃ። ስለ እሱ ምንም አላለችም። ሞረዳ በዚህም ቀናባት። ሁለቱም ዝም ብለዋል፤ የሷ ዝምታ ግን ንጹሕ ነው፤ የሱ ይሸታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ሲገባ ፌኔት ደብተር ጭኗ ላይ አድርጋ ከጆቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ግ አይደለም! ገ!» ይላሉ ሽማግሌው። «አፍሽን ክፈቺ እንጂ! ገራ!»

«ገራ።»

«አሁን ሆድ ሆነ። ቅድም ግራ እጅሽን ነበር ያልሽኝ። የወለጋ ልጅ!»

ሳቀች። ሞረዳ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ያ የሽማግሌው የማስጠኛ ድምፅ የሱ ነበር፤ በየማታው ከትምህርት በኋላ ለእሱ ብቻ የተሰጠ። አሁን ይህንንም ወሰደችው። የወሰደችው ደግሞ በዚያው ቃል ነው።

«ና፣ ኢልማ ኮ፣ ና አግዘኝ!» አሉ ጆቴ። «ይቺ ልጅ አንተን ሆና መጥታለች።»

ፌኔት ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ግን የተወችው ነገርም የለም።

«ዶክተር፣ አንድ ቃል አስቸግሮኛል» አለች። «ዝም አልኩ በኦሮምኛ ምን ይባላል?»

የክፍሉ መስኮት ክፍት ነው፤ ግቢው ውስጥ ባጃጅ ይዞራል። ሞረዳ አላውቅም ማለት አይችልም፤ በዚህ ክፍል ውስጥ አላውቅም ማለት አይችልም።

«ነን ጨሊሴ» አለ።

ፌኔት ጻፈችው። ከዚያ ደብተሩን ከድና፣ «ገለቶማ ባርሲሳ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብላ አመስግናቸው ወጣች። ጆቴ ግን ድሮ በየማታው ሲያስጠኑት እንደነበረው ሁሉ ጣታቸውን ወደ ሞረዳ አነሡ።

«ይሄ ቃል እንጂ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ኢልማ ኮ። ምን ብዬ ነበር ያስተማርኩህ? ሙሉ አድርገው! ዝም ያልከው መቼ ነው? ስለ ምን?»

ሞረዳ የፌኔትን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበሩ ገና አልበረደም።

«አራት ሰዓት ላይ ነበር፣ ባርሲሳ» አለ።